የተዘለለችው ጉድጓድ

አቶ ገብረሰንበት በቡሬ ዙሪያ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በበርበሬያቸውና በዝምታቸው። በርበሬያቸው መደዳውን ጠብቆ ይተከላል፣ አንዲት ክፍተት አይገኝበትም። ዝምታቸውስ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ልጃቸው ያምሮት ኮሪያ የትምህርት ዕድል አገኘሁ ካለቻቸው ሦስት ሳምንት አለፈው። ሂጂም አላሉ፣ ቅሪም አላሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ባሕር ዳር ፊዚክስ ብታስተምርም የገበሬ ልጅ ናትና ያለ አባቷ ምርቃት እግሯን አታነሳም። መሄጃዋ ዓርብ፣ ዛሬ ማክሰኞ።

ሐምሌ ነው፤ አባቷ በእንጨት ጉድጓድ እየወጉ፣ እሷ ችግኝ እየሰካች ይተክላሉ።

«ለመሆኑ እዚያ ሄደሽ የምትሠሪው ምንድን ነው?» አሉ ድንገት።

«ሌዘር ነው አባዬ። ከአቧራ የምታንስ የብርሃን ምንጭ።»

«ከአቧራ አንሳ ማን ያያታል?»

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና እንጨቱን ተቀብላ እርጥቡ አፈር ላይ ጉድጓዶች ደረደረች። መሐል ላይ አንዷን ዘለለች።

«ይህ አፈር ሴሚኮንዳክተር የሚባል ስስ ንጣፍ ነው ይበሉ። ጉድጓዶቹ እኩል ስለተደረደሩ ብርሃን በመካከላቸው ማለፍ አይችልም። እዚች የተዘለለችው ቦታ ላይ ግን ያድራል። መውጫ አጥቶ ሲመላለስ ይበረታል፣ ሌዘር ይሆናል።»

አባቷ ጎንበስ ብለው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንጨቱን ተቀበሏትና የተዘለለችውን ቦታ ጠቅ አድርገው ወጉት።

«ዘለልሽ እኮ» አሉ።

«አባዬ፣ ብርሃኑን አጠፉት» አለች እየሳቀች። እሳቸው ቀጣዩን ጉድጓድ መውጋት ቀጠሉ፣ የእሷ ሳቅም እንባ እንባ አላት።

ሐሙስ ዕቃ ልትገዛ ቡሬ ስትወርድ የቀረውን ብቻቸውን ተከሉት። ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን ተሸከሙና በማሳው በኩል መሯት። ከጥቅጥቁ ችግኝ መሐል አንዲት ባዶ ቦታ አየች። የአባቷ ልጅ ናትና ወዲያው ተንበረከከች።

«አባዬ፣ አንድ ዘለሉ።»

እጇን ያዟት። «ተያት። ያንቺ ናት። ተምረሽ ስትመጪ ትተክይባታለሽ። እስከዚያ ብርሃን ይደርባት።» እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «በሄድሽበት ይቅናሽ፣ በሰላም ይመልስሽ» ብለው መረቋት። ያምሮት እጃቸውን ስማ አለቀሰች።

በዚያ ክረምት ጎረቤት ሁሉ ገብረሰንበት አረጁ፣ ጉድጓድ መዝለል ጀመሩ ብሎ አማቸው። እሳቸው ማሳውን ሲያርሙ ግን ሁልጊዜ ከዚያች ባዶ ቦታ ይጀምሩ ነበር።