የከሃር ሲንግ አሥረኛ ቀን

«ደሃ ሀብታም ሳይል በገዛ እጁ ቂጣ ያደለ ሰው!» አለች ጎረቤቲቱ፣ በነጭ ሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና። «እንደ ከሃር ሲንግ ያለ ከእንግዲህ አይገኝም።»

ባቺንት ካውር ራሷን ነቀነቀች። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ሟቹ ባሏ ይህንኑ ስትሰማ አሥረኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ቅዱሱ መጽሐፍ ተነብቦ ያልቃል፤ ከዚያ ሕዝቡ በጉርድዋራው፣ በሲኮቹ ቤተ ጸሎት፣ ወለል ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ይበላል።

እውነት ነው፣ ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ታጥቦ ጸልዮአል፤ ጥምጥሙን ሳያስተካክል ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። «የሃይማኖት መምህራችን ጉሩ ዘር አትቁጠሩ ብሎናል» ይል ነበር። ልጁ ሩፒንደር የቆዳ ፋቂዎቹን ልጅ ማንጋትን ላግባ ያለች ቀን ግን፣ «አብሮ መብላት ሌላ፣ መጋባት ሌላ!» ብሎ በሩን ዘጋባት። ዘጠኝ ዓመት ስሟን አልጠራም። ታሞ ልትጠይቀው ስትመጣ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ንባቡ አብቅቶ ሰው ጉርድዋራው ውስጥ ለመብላት ረድፍ ሲይዝ፣ የሟቹ ወንድም ጉርዲት ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ልጅቷ መጥታለች። ከነባሏ! ወደ ኋላ ፈቀቅ ላርጋቸው?» አላት።

«ተዋቸው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ቂጣውን ይብላ!»

የቂጣውን ቅርጫት ከአንዷ አዳይ ተቀብላ ረድፉን ተከትላ ሄደች። ልጇ ጋ ስትደርስ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ እንግዲህ እሱም ሄደ። ቤትሽ ነው፤ ነይ።»

«አባዬ ብቻ ነው እንዴ በር የዘጋብኝ?» አለች ሩፒንደር ቀስ ብላ። «ገበያ መሀል ሆዴ ገፍቶ ስታዪኝ ሻሽሽን ፊትሽ ላይ የጎተትሽውስ አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ እማዬ? ያኔ እሱ የት ነበር?»

ማንጋት የሚስቱን ክርን ነካ አደረገ። እሷም እንደ ደንቡ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ቂጣውን ተቀበለች፤ ከማንም አዳይ እንደምትቀበለው፣ ቀና ብላ ሳታይ።

ባቺንት ግን አልተነሳችም። ባዶ እጆቿ ልጇ ፊት እንደተዘረጉ ቀሩ፤ ከኋላዋ የምስር ባልዲ የያዘው ሰውዬ፣ «እማማ፣ ይለፉ እንጂ፤ ወጡ በረደ» እስኪላት ድረስ።