ያልተተኮሱት ሦስት ጥይቶች

ምናለ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ። ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው ነው። የሚሄደው ከጋሸና በሚመጣው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ ሸዕባን መንደር ነበር። የጦርነት ወሬ እንደገና ተሰምቷል፤ የሁለቱ መንደሮች ኪዳን ካልታደሰ የምናለ ሰዎች ብቻቸውን ይቀራሉ።

ኪዳኑ የታሰረው ባለፈው ጦርነት ነው። ምናለ መስቀል ስሞ፣ ሸዕባን ቁርኣን ይዞ ማሉ። ውሉ አጭር ነበር፦ ሦስት ጥይት የሰማ መሣሪያውን ይዞ ይደርሳል። ምናለ ሁለት ጊዜ አስተኮሰ፤ ሁለቴም የሸዕባን ሰዎች ዳገቱን ወጥተው ደረሱለት። በሁለተኛው የሸዕባን ወንድም በድሩ ከምናለ ጎን ወደቀ።

ጦርነቱ ባለፈ በዓመቱ፣ በመኸር፣ ከታች ጡሩንባ ተነፋ። ምናለ አፋፉ ላይ ቆሞ ከሸዕባን መንደር አውድማ የሚወጣውን ጭስ አየ። ሰዎቹ ሊወርዱ ተነሱ።

«ጥይት አልተተኮሰም» አላቸው። «የማልነው ጠላት ሲመጣ ልንደርስ ነው። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። የሸዕባን መንደር የዓመት እህል ከነክምሩ አውድማ ላይ ነደደ።

አሁን ሸዕባን ከደጃፉ ተነስቶ ድንጋዩን አወረደለት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። በዚህ ዕድሜህ ወገብህን ልትሰብር ነው?»

ሚስቱ ሂንድ ከውስጥ ብቅ አለች። «የናንተ ጆሮ ባሩድ ካልጮኸበት አይሰማም እንዴ?»

ምናለ አንገቱን ደፋ። «ምነው ታዲያ ሳትተኩሱ ቀራችሁ?»

«ብንተኩስ ሴቱና ልጁ ጦር ተመለሰ ብሎ ገደል ይገባ ነበር» አለ ሸዕባን።

ምናለ ይህን አስቦት አያውቅም። ቀና ብሎ «ኪዳኑን እናድሰው» አለ።

«አይሆንም። በድሩ የወደቀ ቀን ማን መጣባችሁ ብሎ አልጠየቀም። ጎረቤት ጠራኝ ብሎ ነው የወጣው። ከጠራችሁን እንመጣለን፣ በጥይትም በጡሩንባም። መሐላ ግን ካንተ ጋር አንገባም።»

ምናለ ትከሻው ባዶ ሆኖ ዳገቱን ወጣ። የወንድሙ ልጅ ምሥጋናው አፋፉ ላይ ይጠብቀው ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አሉዎት?»

«ከጠራን ይመጣሉ።»

«እሰይ! ኪዳኑ ጸና በሉኛ!»

«አልጸናም።»

ምሥጋናው ግራ ገባው። «እንግዲያ እነሱ ሲጠሩንስ?»

ምናለ ወደ ታች አየ። አውድማው ከዚያ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በነደደበት ቀንም ይታይ ነበር።