ነጭ የቀሩት ሦስት ረድፎች

ኢተያ ላይ ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ወረደና የአንዲት ሴትዮ ድንች ጣራ ላይ ማስጫን ጀመረ። አንድ ጆንያ ቢሆን ደግ፣ አምስት ጆንያ። የፈናን ትዕግሥት አለቀ። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ዛሬ ቤት ልንቀይር ነው ወይ አለችው። ሹፌሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «እህቴ፣ ድንቹም ከፍሏል» አላት። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በጃኬቷ የጠቀለለችውን ላፕቶፕ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ስልኳን አየች። አራት ሰዓት ከሩብ።

ከዲሮ ከአሰላ የወጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስካሁን ዴራ ገብቷል ማለት ነው። ገዢው የከዲሮን ሚኒባስ ገና ካልሞከራት ፈናን ትደርሳለች። ሞክሯት ከሆነ ግን... እሱን ማሰብ አልፈለገችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዲሮ ያው ከዲሮ ነው፤ የጢቾን መስመር ሃያ ምናምን ዓመት የነዳ፣ ሚስቱ ሙቢና «እኔንም እንደሷ ባጠበኝ» እስክትል ድረስ ነጭ ሚኒባሱን ጠዋት ማታ የሚያጥብ ሰው። አሁን ዓይኑ እምቢ አለው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎታል። ፊት ለፊቱን ያያል፤ ግራና ቀኙ ግን ጠፍቷል። ከጎን የሚመጣ ጋሪ ለሱ ከመሬት እንደበቀለ ነው ድንገት የሚታየው። መንዳት ይብቃህ ከተባለ ስድስት ወር አልፎታል። እንዴት ይብቃው? ቤቱ የሚኖረው በሷ ነው። ስለዚህ ሚኒባሷን ሸጦ የእህል ወፍጮ ሊተክል ወሰነ። ዴራ ላይ ቱሳ የሚባል ገዢም ተገኘ፤ ዛሬ ሞክሮ፣ ከወደዳት ዛሬውኑ ሊፈርም።

የመሸጫዋ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ መታመሟ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ሰው ምን ያድርግ፣ ከዲሮም እንደማንኛውም ሰው በጠርሙስ የሚሸጠውን ሲቀዳ ከርሞ፣ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱም ኢንጄክተሮች ተበላሹ። የራሷ ዓይነት ከአሰላ እስከ አዳማ ተፈልጎ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ከተገለበጠ መኪና የተፈቱ አራት ይዞ መጣ። መግባቱን ልክ ገቡ። ግን የትልቅ ሞተር ናቸው፣ አፋቸው ሰፊ ነው፤ የድሮዎቹ አንድ ብርጭቆ ሲረጩ እነዚህ አንድ ተኩል ይረጫሉ። ሞተሩ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ጋራዡን ሞላውና ሁሉም እየሳለ ወደ ውጭ ወጣ።

ፈናን የገባችው እዚህ ጋ ነው። የጋሽ ፊሊጶስ ጋራዥ ኤሌክትሪሻን ነች። ኮሌጅ የተማረችውን ተምራ የቀረውን ከስልኳ ለቅማዋለች። የመኪና ኮምፒውተር ከፍቶ ቁጥር የሚቀይር ሰው በዚያ ሰፈር እሷ ብቻ ነች። ጋሽ ፊሊጶስ «የኛ ታይፒስት» ይላታል፣ ሲያሾፍ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ አለ በሉ። እያንዳንዷ ሳጥን፣ ሞተሩ በዚህ ፍጥነት ሲዞር፣ ይሄን ያህል አየር ሲገባለት፣ ኢንጄክተሩ ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ይቆይ የሚል ቁጥር ይዛለች። አፉ ከሰፋ ቶሎ ይዘጋ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፈናን ሁለት ቀን ሙሉ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከከዲሮ ጋር ስትዞር ዋለች። ሳጉሬ ደርሰው ተመለሱ፣ የጢቾን መንገድ ዳገት ወጡ ወረዱ፤ እሱ ይረግጣል፣ እሷ ቁጥር ትቀንሳለች። ሞተሩ የደረሰበት ሳጥን አረንጓዴ ይሆናል። ታች ያሉት ሦስት ረድፎች ግን ነጭ እንደሆኑ ቀሩ፤ ሞተሩ አልደረሰባቸውም። የማይደርስበት ከሆነ ምን አስጨነቀኝ ብላ ከበላያቸው ያለውን ረድፍ ቁጥር ገልብጣ ለጠፈችባቸው። አለቀ። ሚኒባሷ መነሳቷ እስኪያጠራጥር ድረስ ድምፅዋ ጠፋ። ከዲሮ በኦሮምኛም በአማርኛም መርቋት ሄደ።

ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሥራ ቆሟል። ፈናን ዳቦ እየገመጠች ላፕቶፗን ስትነካካ እነዚያን ነጭ ረድፎች አየችና እንዲሁ ገረማት። ዳገቱን እስከ መጨረሻው ረግጠውት የለ እንዴ? ለምን አልደረሰም? መልሱ ሲመጣላት ዳቦው አፏ ውስጥ ቀረ። ታች ያሉት ረድፎች የብዙ አየር ናቸው። አሰላ ደግሞ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ነዳጅ መርገጫውን ወለል እስኪነካ ብትረግጠው እነዚያን ሳጥኖች የሚሞላ አየር አሰላ ላይ የለም። ቆላ ግን አለ። ዴራ ደግሞ ቆላ ነው። አየር ሲበዛ ቤንዚንም አብሮ መብዛት አለበት፤ የሷ ቁጥር ግን ዴራም ወርዶ የሚሰጠው የአሰላን ያህል ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲረገጥ ከልኩ በላይ ይግላል፤ ከባሰ ፒስተኑ ራሱ ይቀልጣል። ክፋቱ ደግሞ እስኪቀልጥ ድረስ ጥሩ መሄዱ ነው። እንዲያውም ቀለል ብሎት ይሮጣል።

ደወለች። ያነሳችው ሙቢና ነች። ከዲሮ ስልኩን ቤት ትቶ ነው የሄደው፤ መንገድ ላይ ሲጮህ ዓይኔን ይሰርቀኛል ብሎ። የገዢውን ስልክ ታውቂያለሽ ወይ ብትላት አታውቅም። ከወጣ ጀምሮ ቁጭ አላልኩም አለቻት ሙቢና፤ ደጅ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ቀን በሰላም ትለፍ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም። ፈናን ለምን እንደደወለች ሳትነግራት ዘጋች። ጋሽ ፊሊጶስን ስታስፈቅደው ደግሞ፣ ከተሸጠች ወዲያ የኛ መኪና አይደለችም፣ ቁጭ በይ አላት። ወትሮ ቃሉን አታልፍም። ዛሬ ግን እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ መናኸሪያ ደርሳለች።

ዴራ ስትወርድ ሙቀቱ ፊቷን መታት። ብዙም መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ነጯ ሚኒባስ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ቆማለች። ዙሪያዋን ሰው ከቧታል፣ አንዱ ጎማዋን በእግሩ ይመታል፣ አንዱ በሯን ከፍቶ ይዘጋል። ፈናን በሩጫ ደረሰች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። ከዲሮ ሲያያት ፊቱ በራ። «ሐኪሟ ይቺ ናት» ብሎ ለሰዉ ሁሉ አሳያት፤ ምን አመጣሽ ብሎም አልጠየቃት። ለሱ ልትሸኛት የመጣች ነው የመሰለው።

ቱሳ ረጅም ሰውዬ ነው፣ መፋቂያ ከአፉ አይለይም። ሞክሯታል። ስምንት ዘመድ ጭኖ የኢተያን ዳገት እስከ ወለሉ ረግጦ ወጥቷል። አንዴም አይደል፤ አጎቱ እኔስ ብሎ ስለተቆጣ ሁለተኛ ዙር ደግሞ አጎቱ ረግጧታል። ቱሳ ይሄን እየሳቀ ሲነግራት ፈናን መርዶ እንደመጣባት ሰው ቆማ ሰማችው። እንዲህ ያለ ጉልበት በዚህ ዕድሜዋ ከየት አመጣች ይላል። ከየት እንዳመጣችውማ ፈናን ታውቃለች።

የመጨረሻ ፍተሻ ነው ብላ የፊት ወንበሩን አነሳች። ከሞተሩ የወጣው ግለት ቅንድቧን ለበለባት። ኬብሏን ሰካች፣ በነጮቹ ሦስት ረድፎች ላይ ቁጥር ጨመረች፣ አስቀመጠች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከአሁን በኋላ ሚኒባሷ ቆላም ወርዳ፣ ደጋም ወጥታ ምንም አትሆንም። ነቅላ፣ ላፕቶፗን ዘግታ፣ መልካም መንገድ ብላ መመለስ ትችል ነበር'ኮ። የሚያውቅባት አንድ ሰው የለም። እጇ ግን ከወንበሩ ሥር የካንዴላ መፍቻውን አነሳ።

ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ጤነኛ ሲሆን ጫፉ የብስኩት ቀለም አለው። አንደኛውን በጨርቅ ይዛ ስታወጣው እንደ ጠመኔ ነጭ ነው፤ ነጩ ላይ ደግሞ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። በጥፍሯ ፈገፈገችው። አልለቀቀም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውና አራተኛው ንጹሕ ናቸው። ያ የሚያብለጨልጨው የፒስተኑ ብረት ነው። መቅለጥ ጀምሮ ነበር ማለት ነው፤ ሁለት ፒስተን።

ምን ያህሉ ሄደ? እሱን ማንም አያውቅም። ለምልክት ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አምስት ዓመት ትነዳ ይሆናል። ወይ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሰው እንደጫነች ሲሬ መንገድ ላይ ሞተሯ ይበሳ ይሆናል። ማወቂያው ሞተሩን ከፍቶ ማየት ነው፤ የሁለት ቀን ሥራ። የተከፈተ ሞተር ያየ ገዢ ደግሞ እግሬ አውጪኝ ነው የሚለው።

ሦስቱን ካንዴላ መልሳ አሰረች። አንዱን በጨርቅ ጠቅልላ መዳፏ ውስጥ እንደያዘች ወደ ከዲሮ ሄደች። ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር የሚኒባሷን ሊብሬ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ፊቱ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን እያወዛወዘ ነው።

«ኦቦ ከዲሮ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

ቁጭ በይ ብሎ ክንዷን ያዛት። ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ቀነሰ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለሙቢና እንዳትነግሪ። ጠዋት ኢተያ መውጫ ላይ አንዲት ሕፃን ተሻገረች። አላየኋትም። ሰው ሲጮህ ነው ፍሬን የያዝኩት። ወርጄ ሳይ ቀሚሷ መከላከያውን ነክቷል።» እግሩን በእጁ ያዘው፤ መወዛወዙን ግን አልተወም። «ይሄው እስካሁን አልቆመልኝም። ከዛሬ ወዲያ መሪ አልይዝም ብዬ ለአላህ ነግሬያለሁ። ዛሬ ካልተሸጠች ግን ነገ ጠዋት ጢቾ፣ ጢቾ እያልኩ ነው የምታገኚኝ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ፈናን ካንዴላውን በጨርቁ ውስጥ ጨበጠችው። የሞተሩ መጎዳት የሱ ጥፋት አይደለም'ኮ። የሷ ነው። ሦስት ረድፍ ከመገልበጧ በፊት አንዴ ዴራ ወርዳ ቢሆን ኖሮ...

ይሄን እያሰበች ሳለ ቱሳ መጣ። ከኋላው አጎቱ የውል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይከተላል። ቱሳ አልተቀመጠም፤ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጆሮው ላይ ሰካው።

«ኮምፒውተሯን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ጴንጤ ነሽ አሉኝ ደግሞ።»

ከዲሮ ነው የነገረው፤ ጠዋት ስሟን ሲያነሳና ሲጥል። ፈናን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እናንተ አትዋሹም ሲባል እሰማለሁ። አንዳንዱ ይዋሻል፣ አንቺን ግን ከዲሮ ምሎልሻል» አለ። አጎቱ ሳቅ አለ። ቱሳ ግን አልሳቀም። «እኔ ሞተር አላውቅም። የማውቀው ከብት ነው። ከብቴን ሸጬ ነው ይቺን የምገዛው። በሬ ብትሆን አፏን ከፍቼ ጥርሷን አይቼ እገዛት ነበር። ያንን ወንበር አንስተሽ ስትጎረጉሪ ቅድም ሳይሽ ነበር፤ የሷን ጥርስ ያየሽው አንቺ ነሽ። ምን አየሽ?»

አጎቱ እስክሪብቶውን ለከዲሮ አቀበለው። ከዲሮ ተቀብሎ የት እንደሚፈርም ወረቀቱ ላይ በጣቱ ይፈልጋል። ካንዴላው ጨርቁን አልፎ የፈናንን መዳፍ አሁንም ያቃጥላታል። እውነቱን ብትናገር ዓይነ ስውር ሊሆን የቀረበ ሰውዬ ነገ ጠዋት ሰው ጭኖ መሪ ይይዛል፤ ምንም አላየሁም ብትል በሷ ጥፋት የተጎዳ ሞተር ይዞ ይሄ ሰውዬ የከብቱን ዋጋ ያጣ ይሆናል። ሦስቱም አፏን አፏን እያዩ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ለቱሳ ምን ብላችሁ ትመልሱለት ነበር?