ካልወረድክ ሻይ የለም

...እና ሾፌሩ ከመኪናው ካልወረደ ሻይ የለም፣ በመስኮት አይሰጥም፣ ይህችን ሕግ ዶሪን ራሷ አውጥታ ራሷ ታስከብራለች፣ ስድስት የገና በዓል ሆናት ከዚህ አውራ ጎዳና ዳር ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማ ለማታውቀው ሾፌር ሁሉ በነጻ ሻይ ስትቀዳ፣ እስካሁን አንድም ሰው በመስኮት እጁን ዘርግቶ ከእሷ ኩባያ አልተቀበለም። ውረድና እግርህን አፍታታ። አሥር ደቂቃ። ባሕሩ የትም አይሄድብህም። ጠዋት አንዱ ጎረምሳ ምን አላት፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ እማማ፣ ከፖሊስ እብሳለሁ አለችው፣ ግን ፖሊስ ብስኩት አይሰጥህም፣ ሳቀና ወርዶ አራት በላ።

ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ ገባ ይላል ሌስ። ሌስ ሁልጊዜ ሁለት ይጨምርበታል። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ጠረጴዛውን ከእሷ ጋር ይጠብቃል፣ ዕድሜውን ሙሉ ጭረት ሳይነካው ነድቶ አምና የገና መብራት ሊሰቅል የገዛ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከመሰላል የወደቀ ሰው፣ ዳሌው ተሰብሮ በዓሉን ሆስፒታል አሳለፈ፣ አሁን ሻይ ሊጠጣ ለወረደው ሁሉ ስለ መሰላል ይሰብካል። መሰላሉን የሚይዝልህ ሰው አለህ ወይ ይላል። ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል፣ እነሱ መንገደኞች፣ ምን መሰላል አላቸው።

ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ዋሪክ ይመጣል፣ ልጇ፣ ከሚስቱ ከሊያንና ከልጆቹ ጋር። ጠዋት ደወለላት፣ ከማዕድኑ የሌሊት ፈረቃዬን ጨረስኩ፣ ሊያንንና ልጆቹን ጭኜ ወጣሁ፣ በአንቺ በኩል ነው የምናልፈው። ተኝተሃል ወይ አለችው። ሁለት ሰዓት ያህል። ሁለት ብቻ፣ ሊያን ለምን አትነዳም፣ ተጎታቹን ቤት እየጎተተች መንዳት አትደፍርም እማ፣ ደግሞ ምን ሆንኩ፣ አባዬ ስንት ተኝቶ ነበር የሚነዳን። እዚህ ላይ ምላሷ ይታሰራል። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚታሰረው።

ስንት ተኝቶ ነበር፣ ምን ተኝቶ። ክላይቭ፣ የእኔ ክላይቭ፣ እንጨት መሰንጠቂያው የዓመቱን የመጨረሻ ፉጨት እኩለ ቀን ላይ ሲያሰማ ከመጋዙ ሥር ቀጥታ ነበር ወደ መኪናው። ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራው እንዳለ። አለቃው በዚያ ቀን ሰዎቹን አሰልፎ እጅ ያስነሳቸዋል፣ ጣቶቻቸውን ይቆጥራል፣ በዓል ሲቃረብ ሐሳብ ቀድሞ ባሕር ይሄዳል፣ ጣት የሚቆረጠውም ያኔ ነው፣ አሥር፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አንተ ከድሮም ዘጠኝ ነህ፣ ግቡ በሰላም። እየሳቁ ይወጣሉ። ጣታቸውን አስቆጥረው ሲያበቁ በዚያው ድካም የሰባት ሰዓት መንገድ ሊነዱ መሪ ይጨብጣሉ፣ ይህን ማንም ስሕተት አላለውም፣ እሷም አላለችውም፣ ወግ ነበር።

እንዴት ያለ ወግ። ቢጫዋ መኪና በር ላይ፣ ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው በባዶ እግራቸው ከኋላ ገብተው፣ መስኮቶቹ ላይ እርጥብ ፎጣ ተሰቅሎ፣ የገናው ሥጋ በበረዶ ሣጥን እግሯ ሥር፣ ጭኗ ላይ አንድ ሳህን የፕለም ፍሬ። ፕለሙን እየሰነጠቀች ታጎርሰው ነበር። ይዘፍናል፣ ድምፁ ደግሞ አያድርስ ነው፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ባሕሩ ጋ የመሰንጠቂያው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ልክ እንደ ሰፈራቸው ቅደም ተከተል፣ ሰው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጥያቄው ይመጣል፣ ስንት ሰዓት ፈጀብህ፣ ስንቴ ቆምክ። ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ አንዴ። አንዴ! ለቤንዚን ብቻ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው ይሉታል። ሁለቴ የቆመ እስከ አዲስ ዓመት ድረስ መሳቂያ ነው፣ አክስቶቹን ጭኖ ነው እንዴ የመጣው ይባላል። ጨው የነካው ጠጉር፣ የተላጠ ትከሻ፣ ማታ ማታ ከባሕሩ የወጣ ሽሪምፕ በእጅ እየላጡ፣ አምላክ ሆይ፣ ያን ጊዜ መልስልኝ ብትለው ሳያመነታ ቢሰጣት ሳታመነታ ትወስደዋለች። ከአንዲት ደቂቃ በቀር።

ያቺ ደቂቃ። ዋሪክ ስምንት ዓመቱ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ። ክላይቭን አንድ ፕለም አጎረሰችው፣ ማኘኩን አቆመ። ጉንጩ እንዳበጠ። ክላይቭ፣ አለች፣ ዞር ብላ ስታይ ዓይኑ ተከድኗል፣ ከፊት ግንድ የጫነ መኪና፣ ዘላ መሪውን ወደ ራሷ፣ ሣር፣ ጠጠር፣ አቧራ፣ ጸጥታ። የግንድ ጫኙ መኪና ጥሩምባ አልፏቸው ሄዶ እንኳ ይጮህ ነበር። ልጆቹ ከኋላ፣ ምንድነው፣ ምንድነው፣ ክላይቭ ሳይዞር፣ ካንጋሮ ነው፣ ተኙ። ወርዶ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ አስመለሰ። እጇን ያዛት፣ ከዚያ መሪውን መልሶ ጨበጠ። ማታ ድንኳኖቹ መካከል በወሬ ካንጋሮው ሰው አከለ፣ በዓመቱ መኪናውን አከለ፣ ሁሉም ይስቃል፣ እሷ ከሁሉም በላይ ትስቃለች። በክላይቭ የቀብር ቀን ዋሪክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ያንን ካንጋሮ ተረከ፣ አባቴ የመሰለ ሾፌር በዚህ አገር አልተፈጠረም አለ፣ ሰው እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል። ሁለት ዓመት አፈር ውስጥ የተኛ ባልሽን ክብሩን ትነጥቂዋለሽ?

መጣ። ነጩ ፒካፕ፣ ተጎታቹ ቤት ከኋላው። መስመሩን ነካ። ተመለሰ። እንደገና ነካ። ሌስም አየ፣ ስለ መሰላል ማውራቱን አቆመ።

ሞተሩን አላጠፋም። አያቴ አያቴ እያሉ ልጆቹ ከኋላ በመስኮት እጃቸውን ያወጣሉ፣ ሊያን ከፊት፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዶሪንን አትኩራ ታያታለች፣ ዓይኗ ሲለምን ያስታውቃል። እማዬ፣ ይላል ዋሪክ፣ ቶሎ በመስኮት አቀብይኝ፣ ልሂድ። ሕጉን ታውቃለህ። እባክሽ፣ ከወረድኩ አልነሳም። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ፈገግታው እንኳ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሦስት ሰዓት ነው የቀረኝ፣ አባዬ እኮ አንዴ ብቻ ነበር የሚቆመው፣ እሱ መንገድ ላይ አልሞተ።

እሱ አልሞተ። ኩባያው እጇ ላይ ነው፣ ያቃጥላታል፣ አላስቀመጠችውም። ብትነግረው ምን ይቀረዋል፣ ባትነግረው ምን ይቀራታል፣ እነዚህ ሁለቱ ከኋላ ያሉት፣ ትንሿ ጥርሷ ወልቋል፣ ክላይቭ ይቅር በለኝ፣ ወይም አትበለኝ፣ እንደፈለግህ።

ካንጋሮ አልነበረም።

ምን አልሽ?

ካንጋሮ አልነበረም ዋሪክ፣ አባትህ ተኝቶ ነበር፣ መሪውን እኔ ነኝ የጎተትኩት፣ ሁላችንም ልናልቅ ነበር። አለችው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የያዘችው ነገር ከአፏ ለመውጣት ይህን ያህልም አልፈጀበትም።

ሞተሩን አጠፋ። ዝንብ ብቻ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፣ በቀብሩ ቀን ለምን ዝም አልሽ ይለኛል ብላ፣ እሱ እጆቹን መሪው ላይ ተመለከተ።

አውቃለሁ አለ።

ምኑን ታውቃለህ።

አልተኛሁም ነበር። ፕለሙ በአባዬ ጉንጭ ውስጥ ነበር፣ በመስታወቱ ይታየኛል፣ ከዚያ እጅሽን አየሁ። አውቃለሁ እማ።

ታዲያ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በዓመቱ፣ በየዓመቱ፣ ያን ሁሉ ካንጋሮ ምን ስትል፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ ሌላ ሰው ይመስላል። አንቺ ትስቂያለሻ፣ ይላታል፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ካንጋሮውን ሳነሳ ትስቂያለሽ፣ የምትወጂው መሰለኝ። ሞኝ። ሞኞች። እሷ ለእሱ ብላ ትስቃለች፣ እሱ ለእሷ ብሎ ያወራል፣ በመሃል ካንጋሮው በነጻ ይወፍራል።

በሩ ይከፈታል። ወረደ፣ ቁልፉን ለሊያን ሰጣት፣ ሊያን ጨብጣው ወደ ቦርሳዋ ከተተችና ዘጋችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች። ሌስ ልጆቹን ወደ ብስኩቱ ይነዳል፣ አንቺ ጥርሰ ወላቃ፣ ነይ እስቲ፣ ለስላሳውን ልስጥሽ። ዶሪን ከሣጥኑ ውስጥ ምንጣፍ አውጥታ ባሕር ዛፉ ሥር ትዘረጋለች። ተኛ። ነገ ትደርሳላችሁ፣ እኔም ነገ ነው በአውቶቡስ የምመጣው፣ አንድ ላይ እንገባለን፣ ማን ያሳድደናል። ማን ይጠይቀናል ስንቴ ቆማችሁ ብሎ፣ የጠያቂው ሁሉ ድንኳን ተነቅሏል።

ጋደም አለ። ዓይኑን ግን አልከደነም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲነዳኝ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም፣ ይላታል፣ ከታች ወደ ላይ እያያት፣ ለዚህ ነው ራሴ የምነዳው፣ አይደል፣ ጉራ ይመስላቸዋል። እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ከኋላ ሆኜ አንቺን ነበር የምጠብቀው። አባዬን አንቺ ታዪዋለሽ፣ አንቺን እኔ አይሻለሁ። አንገትሽ ዘንበል ያለ እንደሆነ መቀመጫሽን በእግሬ እመታው ነበር።

እግሩ። ያ እግር። ከኋላ ወገቧን እየረገጠ፣ አርፈህ ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ ስንቴ ተቆጣችው፣ አንድ ጊዜ በጥፊ፣ በየዓመቱ፣ በየቁልቁለቱ፣ ይህ ልጅ መኪና ውስጥ ምን ይነካዋል ብላ ለክላይቭ ስሞታ፣ እና እሱ አንድም ቀን እንዲህ ነው እኮ ሳይል፣ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ዘጠኝ ሲሆነው፣ በባዶ እግሩ። ይቅርታ ልትለው አጎነበሰች። አፉ በትንሹ ተከፍቷል፣ እጁ ደረቱ ላይ ወድቋል፣ ተኝቷል። እሷም መሬቱ ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ፣ ዘጠኝ የገና ጉዞ ሙሉ በዚያ መኪና ውስጥ የነቃሁት እኔ ብቻ ነኝ ብላ፣ ብቻዬን ነበርኩ ብላ ስታምን ኖራ...