የተመለሰችው ኳስ

ላይል ጠዋት ወጥ ቤት ቆሞ ቃል ገብቶላት ነበር። «ልጁ የሚመታት ኳስ ወደኛ ከመጣች እጅሽ ላይ ነው የማስቀምጥልሽ» አላት። ቨርና አመነችው። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትን ባል ካላመኑ ማንን ያምናሉ?

ልጃቸው ከርቲስ ያደገው በዚህችው የአዮዋ ከተማ ሜዳ ላይ ነው። አምና የከተማው የቤዝቦል ቡድን አትረባም ብሎ ሲያሰናብተው የጎረቤቱ ከተማ ባላንጣ ቡድን ወሰደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላይል የልጁን ስም መጥራት ተወ፤ እንጀራ ፍለጋ መሄድ እንደ ክህደት ተቆጠረበት። ዛሬ ከርቲስ ባላንጣ ሆኖ ሊጫወት መጥቷል። የቤዝቦል ተጫዋች ሁሉ የሚመኘውን፣ ኳስ በዱላ መትቶ ከሜዳው አጥር ማዶ ማሻገርን፣ ግን አንድም ቀን አላደረገውም። ቨርና የሚያሻግራትን የመጀመሪያዋን ኳስ ለልጇ ይዛ ልትጠብቅለት ቋምጣለች።

በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ከኮሌጁ የውጭ አገር ተማሪዎችን ይዘው ከአጥሩ ጀርባ ተቀመጡ። ቤዝቦል አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ ላይል ደግሞ ማስተማር ነፍሱ ነው። ከካዛኪስታን የመጣው ዳኒያር ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከተጀመረ ሰዓት እንዳለፈው ነገሩትና ሳቁበት። ላይል የከርቲስን የልጅነት የኳስ መቅለቢያ የቆዳ ጓንት አዋሰው። አንድ ሕግም ለሁሉም አጥብቆ ነገራቸው፤ ባላንጣ መትቶ ያሻገራት ኳስ ወደ ሜዳ ትወረወራለች እንጂ ቤት አትገባም። ስለ ከርቲስ ግን ትንፍሽ አላለም። ቨርናንም በሰው ፊት እንዳታነሺው ብሏታል።

ከርቲስ ዱላውን ይዞ ሲወጣ የገዛ አገሩ ሰው እየጮኸ አላገጠበት። ወዲያው ኳሷ ጧ ብላ ተነሳች፣ አጥሩን አለፈችና ዳኒያር ጓንት ውስጥ ገባች።

ሕዝቡ መልሳት፣ መልሳት እያለ ጮኸ። ዳኒያር ግራ ገብቶት ላይልን አየው።

«ወዲህ በላት» አለው ላይል።

ልጁ ሰጠው። ቨርና እጇን ዘረጋች። ላይል ኳሷን አገላብጦ አያት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ይህን ቨርና በዓይኗ አይታለች።

«ላይል፣ እጅህ ከበደህ እንዴ?» አለ ከኋላ ከተቀመጡት የድሮ ጓደኞቹ አንዱ።

ላይል ተነስቶ ወረወራት። ሕዝቡ አጨበጨበለት፣ ጓደኞቹ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ዳኒያርም የተማረው ሕግ ሲፈጸም በማየቱ ደስ ብሎት አጨበጨበ።

ከርቲስ ኳስ ያሻገረ ሰው ሜዳውን የሚዞረውን ዙር ሳይጨርስ ኳሷ ሣሩ ላይ ስታርፍ አየ፤ ሩጫው ቀዘቀዘ። ያንን አወራወር ጓሮ ውስጥ እየተቀበለ ነው ያደገው። ወደ አጥሩ ቀና ብሎ አባቱን አየና አንገቱን ደፍቶ ዙሩን ጨረሰ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር» አለች ቨርና።

«ሰው ሁሉ እያየኝ ምን ላድርግ?»

«ልጅህም እያየህ ነበር።»

ዳኒያር ይህን ሲሰማ ማጨብጨቡን አቆመ። ጓንቱን አውልቆ በቀለም የተጻፈበትን የከርቲስን ስም አነበበና ለቨርና አቀበላት።

«ቢነግሩኝ ኖሮ ለእርስዎ ነበር የምሰጠው» አላት።

ጨዋታው ሲያልቅ ላይል መኪናውን አስነስቶ ጠበቃት። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው፤ ጓንቱን ብብቷ ሥር ይዛ የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች ወደሚወጡበት በር ሄደች። ለልጇ የምትሰጠው ኳስ አልነበራትም።