ከተረተሩ ማዶ

አብዱልጀሊል ከአሊዩ አምባ ጨውና ጥጥ በአህያ እየጫነ ደጋ የሚያወጣ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን አንኮበርን ይዞ በዋናው መንገድ ላይ ኬላ ካቆመ ወዲህ ግን የቀረው በገደሉ ወገብ የሚሄደው ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ከዚያም መንገድ ክፉው፣ በክረምት ናዳ የሚወርድበት አንድ ተረተር ነው።

ያን ተረተር በክረምት ብቻውን ተሻግሮት አያውቅም። የደጋው ሰው ገብረአብ ሸሪኩ ነበር። አንዱ ሲሻገር ሌላው ባለበት ቆሞ ሽቅብ ያያል፤ ጠጠር ከተንከባለለ ያፏጫል። ጣሊያን ከመግባቱ በፊትም ለአቋራጭ ሲሉ ብዙ ክረምት እንዲህ ተጠባብቀው አለፉ። አምና ገብረአብ የአባቱን ጠመንጃ አንግቦ ዱር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ አብዱልጀሊል ከተረተሩ ጫፍ ሲደርስ ትናንት የወረደው በረዶ ገና አልሟሟም፤ ዳገቱ ጥጥ የተሰጣበት መስሏል። ይኼን አልወደደውም። ዝናብ ወርዶ ይሄዳል፤ በረዶ ግን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ዱላውን ሰካው። ላዩ እንደ ቅቤ ለቀቀለት፣ ከስር ግን ከሚያዳልጥ ሸክላ ጋር ተጋጨ። አፈሩን ጨብጦ ጨመቀው፤ ውሃ በጣቶቹ መሃል ወረደ። ሽቅብ ቢያይ ከአስታው ቁጥቋጦ ግርጌ አዲስ ስንጥቅ ተከፍቷል።

«ምን ይመስልሃል?» አለ ሳያስበው፣ ገብረአብ አጠገቡ ያለ ይመስል። አህያይቱ ጆሮዋን አነቃነቀች።

ሊመለስ ሲል ከማዶ ጥቁር የለበሰች ሴት ብቅ አለች። ወለተሐና ናት፣ የገብረአብ ሚስት።

«እቴ! እግርሽን እንዳታነሺ! መሬቱ ይከዳል!» ብሎ ጮኸ።

«አብዱልጀሊል! አንተው ጋ ነበር የመጣሁት!»

«ገብረአብስ?»

አንድ ቃል ተናገረች፤ ነፋሱ ወሰደው።

«አልሰማሁም!» አላት።

«ሞተ! ተጉለት ላይ ሞተ! እዚያው ቀበሩት አሉኝ!»

ያንን ቃል ሁለት ጊዜ እንድትጮኸው ማድረጉ ኋላም ከልቡ አልወጣለትም። ያን ጊዜ ግን «ኢና ሊላሂ» አለና የሚያደርገው ጠፍቶት ወደ እርሷ ተራመደ። አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ።

«ተው!» አለች ወለተሐና። «እኔ ናዳ መጠበቁን አላውቅበትም፤ የሚያውቀው እሱ ነበር! አንተንም ልቅበር?»

እግሩን ነቅሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በጋቢው ሸፈነና አለቀሰ። እሷም ማዶ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች፤ ሙሾዋ እየተቆራረጠ ይደርሰዋል። ለቅሶ ደራሽ ከአልቃሽ ጎን ይቀመጣል እንጂ እንዲህ ገደል ለገደል ተያይቶ ሲላቀስ ማን አይቷል? ለተዝካሩ የሚሆን ጨው ተጭኗል፤ ግን በምን ያሻግረው?

ከቀትር በኋላ ከቆላው ጉም ተነሣና ማዶውን ዋጠው።

«እቴ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አላህ ያጽናሽ፣ እቴ! አለሽ?» አለ።

ደጋግሞ ተጣራ፤ ከዚያ የአህያይቱን ገመድ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ተረተሩ ያን ቀን አልተናደም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልተናደም። አብዱልጀሊል በየማለዳው ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሽቅብ እያየ፣ «ብሻገር ኖሮስ?» ይላል። ይኼን ደግሞ የሚያማክረው ሰው አልነበረውም።

የመስከረም ፀሐይ አፈሩን ስታደርቀው ተሻገረ። የገብረአብ ቤት ተዘግቷል፤ ደጁን ሣር ውጦታል። አልታየች የምትባል ጎረቤት ወጥታ፣ «ወለተሐና ከወንድሞቿ ዘንድ፣ ሰላ ድንጋይ ገባች። አንተ ለገብረአብ ምኑ ነህ?» አለችው።

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁ» አላት።

«ማንን ልትደርስ? ሰው የለም።»

ጨውና ጥጡን ለወለተሐና እንድትልክላት አራግፎ ሰጣት። ከዚያ ከተዘጋው በር ፊት፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቲቱ ጥቂት አየችውና ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቡ ተቀመጠች።