የአባታችን መኪና ሮንዴላዎች

ከወንድሜ ከዚግበርት ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈን ኖረናል። በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ የራሱን ደጅ ይጠርጋል፣ እኔ የራሴን፤ መጥረጊያችን መሀል መንገድ ላይ ሊነካካ ሲል ሁለታችንም ዞር እንላለን። ጥሉ የተነሳው ብሎን ስር በምትገባ ትንሽ የብረት ቀለበት፣ በሮንዴላ ነው። ብትስቁ አልቀየምም፣ መንደሩ ሁሉ ስቋል።

አባታችን አንድ ብርቱካናማ ፎልክስዋገን ሚኒባስ ትቶልናል። በልጅነታችን በየበጋው ወደ ቦደን ሐይቅ የሚወስደን በእሷ ነበር። ደጅ ላይ ያቆማትና ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፤ እኛም እየተጋፋን እንወጣለን። አባታችን ምንም ነገር አይጥልም። ያረጀ ብሎን በቤንዚን አጥቦ በማርማላታ ብልቃጥ ይከታል፣ በላዩ ይጽፍበታል፣ ይደረድረዋል። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ።

የዚግበርት ልጅ ስታገባ በአያቷ መኪና ትሂድ ተባለ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን አክስሎች ፈትቼ ግሪስ ሞላሁ። መልሼ ስገጥም ግን ብሎኑንም ሮንዴላውንም ከብልቃጥ አወጣሁ። ሮንዴላው ባለጥርስ ነው፤ ጥርሱ አንዴ ከተጨፈለቀ ብሎኑን አይዝም። አውቅ ነበር፤ አዲስ ለመግዛት ግን አንጀቴ አልቆረጠም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው ዳገት ላይ ብሎኖቹ ተራገፉ፣ አክስሉ ወልቆ ተንጠለጠለ፣ ሙሽራይቱ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃውን በእግሯ ወጣችው።

«አንተ ቋጣሪ!» አለኝ ዚግበርት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለሮንዴላ ስትሰስት ልጄን መሳቂያ አደረግካት!»

እኔም የማይባል ነገር መለስኩለት። አክስሉን በዚያው በአሮጌው ብሎን መልሼ አንጠልጥዬ መኪናዋን ጎተራዬ ውስጥ አስገባኋት። ሞተሯን በየወሩ ከማስነሳት በቀር አልነካኋትም።

ባለፈው ግንቦት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የዚግበርት ሚስት ሄድቪግ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ኦትማር፣ ዚግበርት ሊሞት ነው» አለችኝ፣ እንደቆመች። «ሐኪሙ ቢቆይ ሳምንት ነው ብሎኛል። ሐይቁን ልየው ይላል። በእኔ መኪና ልውሰድህ ብለው፣ በአባቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም አለ።»

«በአባቴ መኪና አለ?»

«ከነሹፌሩ አለ።»

ወዲያው መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና አክስሎቹን ፈታሁ። ሄድቪግ መደርደሪያው ላይ ወዳሉት ብልቃጦች አየች።

«ከዚያ አውጥተህ አትገጥመውም? ነገ ትወስደዋለህ።»

«ሞቼ ነው! በአሮጌ ሮንዴላ አልወስደውም።»

«እንግዲያው እስኪዘጋጅ ግባና እየው።»

«መኪናዋን ደጁ ላይ አቁሜ ሁለቴ ክላክስ አደርግለታለሁ። ያኔ ያየኛል።»

ባዶ እጄን መግባት አፈርኩ። አዎ፣ ኩራትም ነበረበት።

የመለዋወጫ ሱቅ ያላት ወይዘሮ ኪንዝሌ ሦስት ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ።

«ይሄ ረዝሟል፣ ጫፉ ውስጥ ይጋጭብዎታል። ይሄኛው ልኩ ነው፣ ብረቱ ግን ለስላሳ ነው፤ ለአጥር በር ያድርጉት። የእርስዎ ጥቁሩ ነው።»

«ሃያ አራት ይስጡኝ። ባለጥርሱን ሮንዴላም ሃያ አራት።»

«አዲስ ሊገዙ? አመመዎት እንዴ አቶ ኦትማር?» ሳቀችብኝ። «ብሎኑ አለ። ባለጥርሱ ሮንዴላ ግን ሐሙስ ነው የሚደርሰው። ጠፍጣፋው ይሁንልዎት?»

«አይሆንም። ባለጥርሱን እጠብቃለሁ።»

ማክሰኞ መኪናዋን አጠብኩ። የዚግበርት መስኮት ክፍት ነበር፤ ሲያስል ይሰማኛል። ሃያ እርምጃ ብሄድ አልጋው ጋ እደርስ ነበር። መስታወት ስወለውል ዋልኩ።

ዚግበርት ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሞተ። ሮንዴላዎቹ ሐሙስ፣ ልክ እንደተባለው፣ ደረሱ። እሽጉን ሳልከፍት ወረወርኩት።

ከቀብሩ በኋላ ሄድቪግ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ጎተራዬ መጣች።

«ካልሲዎቹ ስር አገኘሁት» አለች። «የአንተ ይመስለኛል።»

ከፈትኩት። በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ ጥቁር ብሎኖች፣ ባለጥርስ ሮንዴላዎች፤ ሁሉም ሃያ አራት ሃያ አራት፣ ሁሉም አዲስ። ደረሰኙ ከሠርጉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ የተቆረጠ ነው። ክዳኑ ላይ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ «ኦትማር ሲጠይቅ የሚሰጥ» ይላል።

«ሮንዴላ ልትገዛ መሄድህን ሰኞ ማታ ነግሬው ነበር» አለች ሄድቪግ። «ሳቀ። ‹የለም ይሉታል፣ እኔን ይጠይቀኛል› አለ። መድኃኒቱ የሚያስቀባጥረው መሰለኝ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በሩን እያየ ዋለ።»

መኪናዋ ስር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እጄን ወደ ውጭ ዘረጋሁ።

«ዚግበርት» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እባክህ ሮንዴላ ስጠኝ።»

ሄድቪግ ቆርቆሮውን አነሳች። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እጄ ላይ ታስቀምጥልኝ ጀመር።